መንገድ የነካው ቤት ስንት ያወጣል?

በይፋግና በደብረ ታቦር መስመር ከፕላን ውጭ የቀሩ ነባር ቤቶች ገበያ

በደቡብ ጎንደር ከተሞች የመንገድ ዳር ቤት ለመግዛት የሚመጣ ነጋዴ ደላላውን በቅድሚያ የሚጠይቀው የክፍሉን ብዛት ወይም የቆርቆሮውን ዕድሜ አይደለም። «መንገድ ይነካዋል ወይ?» ይለዋል። መልሱ «አይነካውም» ከሆነ ድርድሩ ይቀጥላል። «ትንሽ ይነካዋል» ከተባለ ግን ዋጋው እዚያው መውረድ ይጀምራል። ምን ያህል መውረድ እንዳለበት ገዢውም ሻጩም በእርግጠኝነት አያውቁትም። የሚነካው ሜትር በገመድ ይለካል፤ ከተነካ በኋላ በቀሪው ቦታ ላይ ምን መሥራት እንደሚፈቀድ ግን የሚታወቀው ማዘጋጃ ቤት ሲኬድ ነው። ገበያው ላይ ቅናሽ የሚጠየቅበትም ይኸው ያልታወቀው ነገር ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ዋና መንገድ፣ ወረታን አልፎ አዲስ ዘመን ከመደረሱ በፊት የምትገኘው ይፋግ የዚህ ገበያ ዓይነተኛ ቦታ ናት። በእንዲህ ያሉ የመንገድ ከተሞች የሚታወቀው ቤት የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ነው። ከፊት ሱቅ፣ ከሱቁ ጀርባ መኖሪያ፣ ከጓሮ ሰርቪስ ቤትና የእህል ማስቀመጫ ይኖረዋል። ባለቤቱ ከሸቀጡ ጀርባ ያድራል፤ ዘበኛ አይቀጥርም፤ የመኖሪያና የሱቅ ኪራይ ለየብቻ አይከፍልም። ለንግድ አመቺ የሆነው ይህ አሠራር ግን ለፕላን አመቺ አይደለም። ፕላኑ መኖሪያውን ለብቻው፣ ንግዱን ለብቻው፣ ሁለቱንም ከመንገዱ ጠርዝ ራቅ አድርጎ ማየት ይፈልጋል።

ይፋግ ገበያ የሆነችው ፕላን የሚባል ነገር ወደ አካባቢው ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በጌምድር ውስጥ ስማቸው ከሚነሳ ትላልቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች፤ አሞሌ ጨው የጫነ ሲራራ ነጋዴ ያርፍባታል፤ በአቅራቢያዋም የደሪጣ ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። ደብረ ታቦርም እንዲሁ ናት። ራስ ጉግሳ የቆረቆሯት፣ የየጁ መሳፍንት መናገሻ የነበረች፣ ኋላም ዓፄ ቴዎድሮስ የተቀመጡባትና በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲያቀኑ ያቃጠሏት ከተማ ናት። በደርግ ዘመን ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ በቻይናውያን ሲሠራ ከተማዋ ከመኪና መንገድ ጋር ተያይዛ ማደግ ጀመረች። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዋ ከ55 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በበቅሎ ልክ የተሰመረው የመንደር መተላለፊያ ያኔ የተሠሩትን ቤቶች እንደያዘ ነው ወደ መኪና ዘመን የተሻገረው።

ቤቱ ሳይንቀሳቀስ ከሕግ ውጭ ሲሆን

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 በ2000 ዓ.ም. ሲወጣ ለከተሞች መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን የሚባሉ ደረጃዎችን አስቀመጠ። መዋቅራዊው ፕላን የመሬት አጠቃቀሙን፣ ዋና ዋና መንገዶችን፣ የከተማውን የማደጊያ አቅጣጫ ያሳያል፤ የአገልግሎት ዘመኑም 10 ዓመት ነው። የአካባቢ ልማት ፕላኑ ወደ ሰፈር ወርዶ የሕንፃ ከፍታን፣ ከመንገድ የሚራቅበትን ርቀትና የመሳሰለውን ይወስናል። አዲስ ግንባታ ሁሉ ከዚህ ጋር መጣጣም አለበት ተባለ።

ችግሩ የሚነሳው ቀድሞ የቆመው ላይ ነው። መስመሩ ወረቀት ላይ ሲሰመር ትላንት በሕግ ተሠርቶ፣ ግብር ሲከፈልበት የኖረ ቤት አንድ ጡብ ሳይንቀሳቀስ ከፕላን ውጭ ሆኖ ያድራል። አሥር ዓመቱ ሞልቶ ፕላኑ ሲከለስ መስመሩ ደግሞ ሊዛወር ይችላል። አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። የከተማው ዋና ጎዳና አገር አቋራጭ መንገድ በሆነባቸው እንደ ይፋግ ባሉ ቦታዎች ደግሞ የግንባሩ ወሰን ሁለት ጌታ አለው። አንደኛው የከተማው ፕላን ሲሆን ሁለተኛው የፌዴራሉ መንገድ አስተዳደር የሚጠብቀው የመንገድ ክልል ነው።

ነጋዴው ይህን ሁሉ «ፕላን አይፈቅድም» በሚል አንድ ቃል ይጠቀልለዋል። ለገዢ ግን አለመጣጣሙ የምን እንደሆነ መለየቱ ገንዘብ ነው። ቤቱ መንገድ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ቦታው ለመኖሪያ ተመድቦ ባለቤቱ ወፍጮ ተክሎበት ሊሆን ይችላል። ወይም በዋናው ጎዳና ላይ ፕላኑ ፎቅ እየጠየቀ ቤቱ ምድር ቤት ብቻ ነው። ወይም ደግሞ ይዞታው ከሽንሸና መለኪያው ያነሰ ነው፤ በውርስ ለሦስት ለአራት የተከፋፈለ የመሐል ከተማ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይሆናል። የመጀመሪያው ቤት አንድ ቀን መፍረሱ አይቀርም። ሁለተኛው በአገልግሎት ለውጥ ይድናል። ሦስተኛው የሚጎድለው ካፒታል ነው። አራተኛው ከጎረቤት ጋር ካልተዋሐደ ብቻውን የትም አይደርስም። አራቱንም በአንድ ቅናሽ የሚገዛ ሰው አንዱን በርካሽ አግኝቶ ሌላውን በውድ ይሸምታል።

እድሳት የሚያበቃውና ግንባታ የሚጀምረው የት ላይ ነው?

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ግንባታ የሚለውን ቃል ሰፋ አድርጎ ነበር የተረጎመው። አዲስ ሕንፃ መሥራት ብቻ ሳይሆን ነባሩን ማሻሻልና አገልግሎቱን መለወጥም በዚሁ ቃል ውስጥ ገቡ። ስለዚህ ከጓሮ አንድ ክፍል የሚቀጥልም፣ መኖሪያውን ወደ ሱቅ የሚለውጥም በመርሕ ደረጃ ፈቃድ ጠያቂ ነው። ከዲዛይኑ በፊት ደግሞ የፕላን ስምምነት ማግኘት አለበት፤ ይኸውም በዚያ ቦታ ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል ከተማው አስቀድሞ የሚሰጠው ቃል ነው። ከፕላን ውጭ የቀረ ቤት ባለቤት የሚሰናከለው እዚህች በር ላይ ነው።

የተቀደደ ቆርቆሮ መለወጥ፣ ግድግዳ መምረግ፣ ቀለም መቀባት ብዙውን ጊዜ ማንንም አያስቆጣም። ምሰሶ መለወጥስ? ምስጥ የበላውን የጭቃ ግድግዳ በብሎኬት መተካትስ? ጣሪያውን ሁለት ብሎኬት ከፍ ማድረግስ? ባለቤቱ እድሳት ይለዋል፤ የሕንፃ ሹሙ ግንባታ ሊለው ይችላል። የፌዴራሉ ሕግ ልኬቱን ለየከተማው ፕላንና ለማስፈጸሚያው ስለተወው መልሱ ከከተማ ከተማ፣ አንዳንዴም ከሠራተኛ ሠራተኛ ይለያያል። ውጤቱን መንገድ ላይ የሚሄድ ሁሉ ያየዋል። የቤቱ ፊት የድሮው የጭቃ ግድግዳ ሆኖ ይቆያል፤ ከጀርባው ብሎኬት ቀስ በቀስ ይነሣል፤ ከዚያ አንድ ቅዳሜ ምሽት ፊቱ ይወርዳል። ሰኞ ጠዋት አዲስ ቤት ይታያል። ይህ ብልጠት ይመስላል እንጂ ውድ ሥራ ነው። ኮንክሪቱ በችኮላ ይሞላል፣ መሐንዲስ አያየውም፣ ሰነድ አይኖረውም። ሰነድ የሌለው ብሎኬት ደግሞ ባንክም ገማችም ፊት እንደሌለ ይቆጠራል።

ፎቅ መጨመር ሌላ ዓለም ነው። አዋጁ ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ ሲመድብ ከሁለት ፎቅ በታች ያለ መኖሪያና በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት 7 ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ምድብ ሀ ውስጥ ነበር የገባው። ምድብ ለ ከዚያ በላይ ላሉት፣ ምድብ ሐ ደግሞ ለሕዝብ መገልገያ፣ ለፋብሪካና ከ12 ሜትር በላይ ለሚረዝሙ ሕንፃዎች ነው። እዚህ ላይ አንድ ፎቅ የሚባለው ምድር ቤቱ ራሱ ነው። በመሆኑም ሱቁ ላይ አንድ ወለል ብቻ የሚጨምር ነጋዴ ጂ+1 ሠራ ይባላል፤ በሕጉ ዓይን ግን ምድብ ተሻግሯል። የተመዘገበ ባለሙያ የሠራው የስትራክቸር ዲዛይን ይጠየቃል። የጭቃ ቤት ደግሞ ፎቅ አይሸከምምና ጭማሪ የሚለው ቃል ራሱ ስም ብቻ ነው፤ እውነተኛው ሥራ አፍርሶ መሥራት ነው።

ሌላም መስመር አለ። አዋጁ በቀጥታ የተጻፈው 10 ሺህና ከዚያ በላይ ሕዝብ ላላቸው ከተሞች ሲሆን ከዚያ በታች ላሉት የሚደርሰው ክልሉ ሲወስን ነው፤ የሕዝብ መገልገያ የመሳሰሉት ሕንፃዎች ግን የትም ቢሆኑ ይመለከታቸዋል። ደብረ ታቦር በዚህ መስፈርት ጥያቄ የለባትም። በትንንሾቹ የመንገድ ከተሞች ቦታ የሚገዛ ሰው ግን የዛሬው ልል አሠራር የነገ አለመሆኑን ማሰብ ይኖርበታል። ከተማ ያድጋል፤ ወረታ ላይ ደረቅ ወደብ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ የዚህ መስመር መሬት የሚታየው በሌላ ዓይን ነው።

አንድ ሒሳብ

የሚከተለው አኃዝ ለስሌት የተቀመጠ እንጂ የይፋግን ወይም የደብረ ታቦርን የወቅቱን ኪራይ አያመለክትም። ግንባሩ 12 ሜትር፣ ጥልቀቱ 20 ሜትር የሆነ 240 ካሬ ሜትር ይዞታ አለ እንበል። ከፊት 5 ሜትር ጥልቀት ያላቸው ሁለት ሱቆች እያንዳንዳቸው በወር 6,000 ብር ይከራያሉ። መሐሉ ግቢ ነው። ከጓሮ አራት ክፍሎች በ1,500 ብር ተከራይተዋል። የዓመት ገቢው ከሱቆቹ 144,000፣ ከጓሮው 72,000፣ በድምሩ 216,000 ብር ነው። ገዢው በገንዘቡ ላይ በዓመት 15 ከመቶ ማግኘት ቢፈልግ፣ ምንም መንገድ ያልነካው ቤት 1,440,000 ብር ያወጣለታል።

አሁን ፕላኑ ከፊት 5 ሜትር ይወስዳል፣ አፈጻጸሙም ከአምስት ዓመት በኋላ ነው እንበል። ሁለቱ ሱቆች የአምስት ዓመት ዕድሜ ብቻ ቀራቸው ማለት ነው። የዚያ ገቢ የዛሬ ዋጋ 482,700 ብር ገደማ ነው። ከጓሮው 480,000 ጋር ሲደመር ቤቱ 962,700 ብር ይሆናል። ከ477,000 ብር በላይ፣ ማለትም ከዋጋው አንድ ሦስተኛው ጠፋ። ብዙዎቹ የመንገድ ዳር ሽያጮች በዚህ ደረጃ ላይ ይቋጫሉ።

ይሁን እንጂ ሒሳቡ እዚህ ላይ አያልቅም። መንገዱ 5 ሜትር ሲገባ ግቢው አስፋልት ዳር ይወጣል። በግቢው ላይ ሁለት ሱቅ እንዲሠራ ቢፈቀድ የጠፋው የሱቅ ገቢ ከስድስተኛው ዓመት ጀምሮ ይመለሳል፤ የዛሬ ዋጋውም ያው 477,000 ብር ነው፣ የማሠሪያው ወጪ ሲቀነስ። ለፈረሱት ሱቆች ካሳ ከተከፈለ ወጪውን በከፊል ይሸፍናል፤ ምንም እንኳ የጭቃ ግድግዳ ምትክ ዋጋ ትልቅ ባይሆንም። እንግዲህ በዚህ ምሳሌ ባለቤቱን የሚያደኸየው መንገዱ አይደለም። የሚያደኸየው በቀሪው 180 ካሬ ሜትር ላይ መሥራት የማይቻል ከሆነ ነው። ያንን የሚነግረው ወረቀት የግማሽ ሚሊዮን ብር ጉዳይ ሲሆን ብዙ ገዢዎች ሳይጠይቁት ይፈርማሉ።

በካሳ በኩል ሁለት ነገር መያዝ ያስፈልጋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ ባለይዞታው በጉልበቱና በካፒታሉ ለሠራው ሕንፃና ላደረገው ቋሚ መሻሻል ግን መብቱን ጠብቆለታል። በ1997፣ ከዚያም በ2011 ዓ.ም. የወጡት የካሳ አዋጆች የተገነቡት በዚሁ መሠረት ላይ ነው፤ የ2011ዱ በ2016 ተሻሽሏል። ስለዚህ ካሳው በመርሕ ደረጃ የሚከፈለው ለተሠራው ነው። ሁለተኛ፣ የማስለቀቅ ማስታወቂያ ከደረሰ በኋላ የተጨመረ ግንባታ ካሳ አያስገኝም። ከፊት እያስዋቡ ግምት ማሳደግ ይቻላል ብሎ የሚያስብ ሰው የማስታወቂያውን ቀን ይጠይቅ።

ሽያጭና ውርስ

የነባር ቤት ገበያ ሌላው ስውር ወጪ ከይዞታው ዓይነት ይመጣል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በማናቸውም መንገድ ለሌላ ሲተላለፍ ገዢው በሊዝ እንዲይዝ ደነገገ። ነባር ይዞታ ከሊዝ ይዞታ ጋር ሲቀላቀልም መላው ወደ ሊዝ ይገባል። በአዋጁ መሠረት ከአዲስ አበባ ውጭ የመኖሪያ የሊዝ ዘመን 99፣ የንግድ 70 ዓመት ነው። ይህ ማለት ሻጩ ሲከፍል የኖረው ትንሽ የቦታ ኪራይ ለገዢው አብሮ አይተላለፍለትም። ከፕላን ውጭ የቀረ ቤት ሲሆን ደግሞ ገዢው ሊዝ የሚከፍለው ገና መሥራት ይፈቀድለት አይፈቀድለት ላልለየለት ቦታ ነው።

በዚህ ምክንያት ሳይሸጡ መቆየት ለብዙ ቤተሰብ አዋጪ ሆኖ ይታያል። አባት ሲያርፍ ቤቱ ለልጆች ይተላለፋል፤ ውርስ ነውና ሊዝ አይቀሰቅስም። ነገር ግን ለአራት ወንድምና እህት የተላለፈ 240 ካሬ ሜትር ቢከፈል እያንዳንዱ ከሽንሸና መለኪያ በታች ሊወድቅ ይችላል። ባይከፈል ደግሞ ከአራቱ አንዱ ይፋግ ሱቁን ይሠራል፣ ሌሎቹ ጎንደር፣ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ናቸው። ሱቁን የያዘው ፎቅ ልጨምር ሲል የሦስቱን ፊርማ ይፈልጋል፤ ሦስቱ ደግሞ «ታላቅ ወንድማችን ነውና ይሥራ» ብለው በቃል ይፈቅዱና ውል ሲባል ያመነታሉ። ድርሻቸውን ልግዛ ሲል የዚያ ዝውውር አያያዝ እንደ ውርስ ነው ወይስ እንደ ሽያጭ የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ ይህ ገንዘብ ከመቆጠሩ በፊት ከመሬት ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ መልስ የሚያስፈልገው ነው። ነገሩ እስኪጠራ ድረስ ጭቃው በጭቃ ይመረጋል። በመሐል ከተማ፣ በውዱ ቦታ ላይ፣ ደካማው ቤት የሚገኘው ስለዚህ ነው።

የቀበሌ ቤቶችን ነገር በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለነዋሪዎች ማኅበራት ተሰጡ፤ ቀበሌ ቤት የሚለው ስም ከዚያ የመጣ ነው። ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ያሳደሰውን፣ ጓሮ የጨመረውን የእኔ ነው ብሎ ሊሸጥ አይችልም። «ቁልፍ» እየተባለ የሚጠየቀው ገንዘብ ሕጋዊ ንብረት አይገዛም። ኢንቨስተር ገንዘቡን እዚያ ባይጥል ይሻለዋል።

የወፍጮው እንቆቅልሽ

ከቤት አሠራር ወደ አገልግሎት ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ፎገራና ሊቦ ከምከም የሩዝ አገር ከሆኑ ወዲህ በዚህ መስመር ላይ መፈልፈያ ማሽን መትከል ገንዘብ ያስገኛል። ቀድሞ የተተከለ ወፍጮ ወይም መፈልፈያ ፕላኑ ለመኖሪያ በመደበው ሰፈር ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ጎረቤት በጩኸቱና በገለባው አቧራ ያማርራል። ከተማው አዲስ መፈልፈያ በዚያ ሰፈር አይፈቅድም፤ ነባሩ ግን እንደቆመ ነው።

በዚህ ጊዜ ክልከላው ለነባሩ ባለቤት ጥበቃ ይሆንለታል። ተወዳዳሪ ስለማይገባ ደንበኛው ሁሉ የእሱ ነው። የኒውዮርክ ከተማ በ1916 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የመጀመሪያ የሚባለውን አጠቃላይ የዞን ደንብ ስታወጣ ነባሩን ሱቅና ፋብሪካ እንዳለ ተወችው። በዚያ አገር የተለመደው አስተሳሰብ ነባሩ ይጠገን እንጂ አይስፋ፣ ከፈረሰ ወይም ከተዘጋ በአዲሱ ደንብ ይሠራ የሚል ነበር፤ በዚህ መንገድ በጊዜ ብዛት ይጠፋል ተብሎ ታሰበ። ብዙዎቹ ግን አልጠፉም። ደንቡ ራሱ የሰጣቸውን የብቸኝነት ትርፍ ይዘው ቀሩ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ከተሞች የጥገናውን ጣሪያ በቁጥር መጻፍ ጀመሩ፤ ለምሳሌ ቤቱ ከግማሽ በላይ ዋጋው ከወደመ እንደ አዲስ ይቆጠር የሚል ድንጋጌ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ቁጥሩ ሊያከራክር ይችላል። ገዢው ግን በኪሱ ካልኩሌተር ይዞ ሊያሰላው ይችላል፤ ደቡብ ጎንደር ላይ የሚጎድለው እንዲህ ያለ ቁጥር ነው።

የአሜሪካው ትምህርት እንዳለ የሚገለበጥ አይደለም። እዚያ መሬቱ የግል ነውና ባለቤቱ ይጠብቃል። እዚህ ሊዝ ይቆጥራል። ለመፈልፈያ ገዢ የሚጠቅመው አንዱ ነጥብ ግን ግልጽ ነው። ማሽኑን ሳይሆን ቦታውን የሚገዛ ከሆነ፣ የሚገዛው በከፊል የተወዳዳሪን አለመኖር ነው፤ ፕላኑ ተከልሶ ሰፈሩ ለቅይጥ አገልግሎት ከተመደበ ያ ጥቅም በአንድ ቀን ይተናል። ሞተሩን በትልቅ ሞተር ልለውጥ ካለ ደግሞ እድሳት ሳይሆን መስፋፋት ነው ተብሎ ሊከለከል ይችላል።

የብረት ዋጋና የባንክ ዓይን

ጊዜውም ለማሳደስ ያዳላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር በላይ ሆነ። ብረት፣ መስታወት፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚመጣው በዶላር ነው። ለአዲስ ጂ+2 የሚያስፈልገው ካፒታል ሲያብጥ፣ ያለውን ቤት ጠግኖ ማከራየት የሚመርጠው ሰው ይበዛል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭትም ረጅም ግንባታ ለመጀመር የሚደፍረውን ቀንሷል፤ መንገድ በተዘጋ ሳምንት ሲሚንቶ የጫነ መኪና የት እንደሚያድር አይታወቅም። ፕላኑ አፍርሰህ ሥራ ሲል፣ ኪሱ ጠግነህ ተቀመጥ ይላል።

ባንኩ በበኩሉ የሚያየው ወረቀቱን ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች መያዣቸውን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ እንዲሸጡ ስለፈቀደላቸው መሐንዲሳቸው ቤቱን ሲገምት በአእምሮው የሚያየው የሐራጁን ቀን ነው። በካርታው ሳይት ፕላን ላይ ያልተሣለ ክፍል ለሐራጅ አይመችም። ባለቤቱ 800 ሺህ ብር አፍስሶ ከጓሮ የሠራው ስድስት ክፍል ፈቃድ ከሌለው በብድር ግምት ውስጥ አንድ ብር ላያመጣለት ይችላል። ካፒታሉ በግድግዳ ውስጥ ተቀበረ ማለት ነው። ይህ በተለይ በሸቀጥ ንግድ ላይ ላለ ሰው ከባድ ነው፤ የእህል ወቅት ሲደርስ ቤቱን አስይዞ የሚበደረው እሱ ነውና።

በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የከተማ ንብረት ታክስ አዋጅ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዞ መጥቷል። ታክሱ በቦታ አጠቃቀምና በሕንፃ ዋጋ ላይ የሚጣል ነው። ፎቅ እንዲሠራበት የተመደበ ቦታ ላይ ያለ፣ ነገር ግን መጨመርም መለወጥም ያልተፈቀደለት የጭቃ ሱቅ ሊገመት የሚገባው በፕላኑ ተስፋ ነው ወይስ በግድግዳው? ክልሎች የራሳቸውን አፈጻጸም ሲያወጡ የመንገድ ዳር ባለቤቶች ይህን ቢያነሱ ይገባቸዋል።

በአንድ ዓይነት ቤት ላይ ነገሩ ሁሉ በተቃራኒው ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ለተመዘገበ ቅርስ ጥገና አስቀድሞ የባለሥልጣኑን ፈቃድ ይጠይቃል። ጎንደር ፒያሳ በጣሊያን ዘመን ለተሠሩት ሕንፃዎች ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ደብረ ታቦርም ከጋፋት ጀምሮ ብዙ ታሪክ ያላት ከተማ ናትና አሮጌ የድንጋይ ቤት የሚገዛ ሰው ከማፍረሱ በፊት የባህልና ቱሪዝም መዝገብ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ቢያጣራ ከክስ ይድናል።

ከቀብድ በፊት

በገበያው ልማድ ገዢ ቤቱን ያያል፣ ከሻጩ ጋር በሽማግሌ ፊት ይስማማል፣ ቀብድ ይሰጣል፣ ከዚያ ነው ሰነድ ማጣራት የሚጀምረው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን እንዲያጣ፣ ተቀባዩ ቢተው እጥፍ እንዲመልስ ይላል። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ «5 ሜትር በመንገድ ይያዛል፣ በቀሪው ግንባታ አይፈቀድም» የሚል መልስ ያገኘ ገዢ ልተወው ቢል ቀብዱን የሚያጣው እሱ ነው፤ ሻጩ የደበቀው ነገር መኖሩን ካላስረዳ በቀር።

ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ወጪ የለውም። ሻጩ በራሱ ስም የፕላን መረጃ እንዲጠይቅና መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጠው ማድረግ ይቻላል፤ ካርታው በእጁ ያለው እሱ ነውና ጥያቄው ከእሱ ቢቀርብ ይቀላል። ጥያቄው «መንገድ ይነካዋል ወይ?» ብቻ መሆን የለበትም። ስንት ሜትር፣ በየትኛው ፕላን፣ ያ ፕላን ከጸደቀ ስንት ዓመቱ ነው፣ በቀሪው ላይ ምን ያህል ከፍታና ለምን አገልግሎት ይፈቀዳል፣ ከጓሮ የተጨመሩት ክፍሎች በፋይሉ ውስጥ አሉ ወይ መባል አለበት። ዋናው ጎዳና አገር አቋራጭ ከሆነ ያው ጥያቄ ለመንገድ አስተዳደሩም ይቀርባል። ሻጩ መልሱን እስኪያመጣ መጠበቅ የማይችል ገዢ ደግሞ በቀብድ ውሉ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ያስጽፍ፤ የፕላን ስምምነት ካልተገኘ ቀብዱ ሳይቀነስ ይመለሳል የሚል። ሻጩ ይህን ለመፈረም እምቢ ካለ፣ መንገዱ የት እንደሚደርስ ከገዢው ይልቅ እሱ ያውቃል ማለት ነው።